የትንፋሽ ምልክት

«ቆጥሮት ነው እንጂ ከየት ያውቀዋል?» አለ ሹፌሩ።

«ምኑን?»

«ትንፋሽሽን ነዋ። የት ላይ እንደሚያልቅብሽ፣ የት ላይ እንደምትስቢ። እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጬ የማላውቀውን።»

ስልከኛዋ አውራ ጣቷን የማይኩ ቁልፍ ላይ ጫነችና፣ ጣራው ላይ በታሰረው ሞንታርቦ በኩል፣ ለመንገዱ ሁሉ በሚበቃ ለስላሳ ድምፅ፣ «የማዶ ሕዝብ ሆይ፣ እሑድ ድምፅህን ስጥ፤ ቤትህን ራስህ አስተዳድር» አለች። ከዚያ ቁልፉን ለቀቀች።

«እሺ፣ ቀጥል» አለችው።

ፒካፑ በአንደኛ ማርሽ ይሳባል። ሥራው የሚጠይቀው ይኸው ነው፤ መኪናው ከእግረኛ ከፈጠነ ቃሉ ጆሮ ሳይገባ ያልፋል። ሹፌሩ ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲነዳ ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀምሯል። እሱ ግን ቅር ብሎት አያውቅም ነበር፤ ቀስ ብሎ መንዳት ከሷ ጋር ብዙ መቀመጥ ነው።

ጉልበቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያዘጋጀው የፓርቲው ጸሐፊ ነው። ቀድሞ አስተማሪ ስለነበር ሁሉም መምህር ይሉታል። በየዓረፍተ ነገሩ መሐል በቀይ እርሳስ የተሰመሩ ትንንሽ ቋሚ ሰረዞች አሉ፤ ስልከኛዋ የምትተነፍሰው እነሱ ጋ ስትደርስ ነው። ሹፌሩ ሰረዞቹን እስከ ትናንት የፊደል እርማት አድርጎ ያያቸው ነበር። ምን እንደሆኑ የገባው ዛሬ ጠዋት ነው።

«አስም አለባቸው» አለች በመጨረሻ።

«ማን?»

«መምህሩ ናቸዋ። ጽፈው ሲጨርሱ ለራሳቸው ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ቦታ ላይ ያሰምራሉ። የሳቸው ትንፋሽ ነው እንጂ የኔ አይደለም። አሁን ደስ አለህ?»

ሹፌሩ ደስ ሊለው ፈልጎ ነበር። አንድ የገበያ ጥግ እስኪያልፉ ድረስ ሞከረ።

«እንግዲያው ሦስት ወር ሙሉ በሱ ትንፋሽ ነው የምትተነፍሺው» አለ።

ዞር ብላ አየችው። «አንተ ሰው፣ ውኃ ብትጠጣ እንኳ ብርጭቆውን ማን እንደነካው ትጠይቃለህ» አለችና ቁልፉን ጫነች። «የማዶ ሕዝብ ሆይ…»

መጀመሪያ እንዲህ አልነበሩም። እሷ የከተማው ስልክ ቤት ውስጥ መስመር የምታገናኝ ናት፤ እሱ ጠጠርና ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ለአክስቱ ሊደውል ገብቶ «ትንሽ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» የሚል ድምፅ ሰማ። በዚያ ወር ለአክስቱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ደወለ። በመጨረሻ አክስቱ «ልጄ፣ ሰው ሞቶ ደብቃችሁኝ እንደሆነ አርዱኝ» አለችው። ስልከኛዋ መስመሩ ላይ ነበረች፤ ሳቋ አመለጣት። እንደዚያ ተዋወቁ።

ፓርቲው ያኔ ከጎሚስታው በላይ ባለች አንዲት ክፍል የሚሰበሰቡ ዐሥራ አንድ ሰዎች ነበር። ዋናው ከተማ ከወንዙ ባሻገር ያለውን አገር ከድሮ ጀምሮ በንቀት «ማዶ» ይለዋል። ዐሥራ አንዱ ሰዎች ስድቡን ስም አደረጉት፤ ማዶ ተገንጥላ ራሷን የቻለች አገር ትሁን አሉ። ማንም አልሰማቸውም። መምህሩ የስልከኛዋን ድምፅና የሹፌሩን ፒካፕ አንድ ላይ ሲያመጣ ግን ሰው በየሱቁ በር ላይ መቆም ጀመረ። አሁን ሕዝበ ውሳኔው አራት ቀን ቀርቶታል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ አደባባዩ ሞላ። ስልከኛዋ ፊቷን ልትታጠብ ስትወርድ ጽሑፉ ያለበትን ማኅደር ወንበሩ ላይ ትታው ነበር። ሹፌሩ ከፈተው። ሰረዞቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል። ከመኪናው መሣቢያ አሮጌ ላጲስ አግኝቶ አንድ በአንድ አጠፋቸው፤ ፍርፋሪውን በመስኮት እፍ አለው። የሚመጣውን አላሰበበትም። የፈለገው አንድ ቀን እንኳ በገዛ ትንፋሿ ስትናገር መስማት ነበር። ቢያንስ ለራሱ የነገረው ይህንን ነው።

መድረኩ ላይ ወጣች። ሹፌሩ ከሕዝቡ ጀርባ፣ ከፒካፑ አጠገብ ቆሞ ሰማ። የመጀመሪያው ገጽ በደህና አለፈ። ከዚያ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር መጣ። «አባቶቻችን የቆፈሩትን ጉድጓድ፣ እናቶቻችን የተከሉትን ዛፍ፣ እኛ በጃችን የጠረግነውን መንገድ፣ ሳይጠይቁን…» ብላ ቆመች።

ደረቷን ያዘች። ሞንታርቦው ዝም አለ፤ አደባባዩም አብሮት ዝም አለ። ፊት ለፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አለቀሰች» የሚል ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ እሱ ጋ ሲደርስ ያደረሱት ሰዎች ራሳቸው ያለቅሱ ነበር።

በማግሥቱ ድምፅ ለመስጠት ያላሰበ ሰው ሳይቀር ተሰለፈ። ከአራት ሰው ሦስቱ «እንገንጠል» አሉ።

ስልከኛዋ ያን ቅዳሜ ወደ መኪናው ስትመለስ ምንም አላለችም። በሹፌሩ ሸሚዝ እጅጌ ላይ የቀረችውን ቀይ የላጲስ ፍርፋሪ አየች። በጣቷ ጫፍ አንስታ በመስኮት ጣለቻት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያን ቀን ዝምታ ግን ነቀዘ።

ዐሥራ አንዱ ሰዎች ሰማንያ ሺህ ሆኑ። ፓርቲው በክልሉ ምክር ቤት ከአርባ ወንበር ሠላሳ አንዱን ያዘ። የስልከኛዋ ፊት፣ ጉንጯ ላይ አንድ ዕንባ ተስሎበት፣ በየግድግዳው ተለጠፈ። ሹፌሩ በፖስተሩም ቀና። በሠዓሊው ቀና። ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር በሚይዙት ቀና። ከሁሉም በላይ በመምህሩ ቀና፤ ቢሮው ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ስንት ብርጭቆ እንዳለ ያያል፣ ሁለት ከሆነ ያን ቀን እራት አይበላም። ከስልከኛዋ ጋር ተጫጭተው ሳለ ሠርጉን ሁለት ጊዜ ያራዘመው ራሱ ሹፌሩ ነው።

«ምርጫው ይለፍ» አለ አንዴ።

«ፖለቲካው ይረጋጋ» አለ ሌላ ጊዜ።

«አንተ ልጅ» አለችው እናቱ፣ «ልጅቷን ልታገባት ነው ወይስ ልትጠብቃት? ለጥበቃው ዘበኛ ይቀጠራል።»

ፓርቲው የወደቀው በጩኸት አይደለም። ዋናው ከተማ ሕዝበ ውሳኔውን እንቢም እሺም ሳይል ኮሚቴ አቋቋመለት። መሪዎቹን ጠርቶ ቢሮና ማዕረግ ሰጣቸው። ሹመቱን የተቀበሉት «ደረጃ በደረጃ ነው» አሉ፣ ያልተቀበሉት «ተሸጣችሁ» አሉ። ሁለት የማዶ ፓርቲዎች ሆኑ፤ ሁለቱም ማኅተም አስቀረጹ። ከዚያ ሰው ከስብሰባ መቅረት ጀመረ። አንድም ሰው «ለቅቄአለሁ» ብሎ አልጻፈም፤ ወንበሩ ብቻ ባዶ ይሆናል። በአራተኛው ዓመት ምርጫ ከአርባው አንድ ወንበር ቀረላቸው፤ ቢሮውም ሊዘጋ ሆነ።

ዕቃው በሚወጣበት ቀን ስልከኛዋ ሻንጣ ይዛ መጣች።

«ወደ ወደብ ከተማው ስልክ ቤት ተዛውሬአለሁ» አለችው ሹፌሩን፣ ደረጃው ሥር አቁማው። «አብረን እንሂድ። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እሠራለሁ፣ እንጋባለን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ።»

«ምን?»

«እስከ ዐሥር ሰዓት ስለመምህሩ አታንሳ። በኔና በሳቸው መሐል ምንም የለም፣ ኖሮም አያውቅም፤ አራት ዓመት ነገርኩህ። ዛሬ አልነግርህም፣ አንተም አትጠይቀኝ። አንዲት ቀን። ከቻልክ በፒካፑ እንሄዳለን። ካልቻልክ የዐሥር ሰዓቱ አውቶቡስ አለልኝ።»

«ይሄማ ቀላል ነው።»

«ለሌላ ሰው» አለችና የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ጣቶቿ አንገቱ ላይ ትንሽ ቆዩ።

እንደ ምንም ቻለ። ወንበሮቹን አወረደ፣ መጋረጃውን ፈታ። አንድ ጊዜ «መም…» ብሎ ጀመረና ደንግጦ «መምቻው የት ነው? ሚስማር ልነቅል ነበር» አለ። እጇ ላይ የነበረው የወረቀት ክምር እስኪወድቅ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ሲለቅሙ፣ የመጀመሪያው ወር፣ ያ የአክስቱ ስልክ ወር፣ የተመለሰ መሰለው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ መጣ። ከስቷል፤ ደረጃውን የወጣው ሦስት ቦታ አርፎ ነው። ከብረቱ ቁም ሳጥን ውስጥ የድሮ ንግግሮቹን ማኅደር አወጣ፤ አገላብጦ አንዲት ወረቀት መዘዘ።

«ይህችን ለራሴ ላስቀራት» አለ። «ያለቀሰችበት ናት። ሌላው ሁሉ እንዳልነበር ሆነ። ያች ቀን ግን የኔ ናት፤ ማንም አይወስድብኝም።»

«የኔ» የምትለው ቃል ሹፌሩን እንደ እሾህ ወጋችው። ስልከኛዋ በሩ ጋ ቆማ በዓይኗ ለመነችው። አያት። ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ምላሱ ቀድሞታል።

«አላለቀሰችም» አለ። «ትንፋሽ አጥሯት ነው። ሰረዞችህን በላጲስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

መምህሩን «አንተ» ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

መምህሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ አየው። የእርሳሱ ቀለም የለም፤ ወረቀቱ ላይ የጠለቁት ትንንሽ መስመሮች ብቻ ቀርተዋል። አንድ ወንበር ፈለገ፤ ወንበሮቹ ወርደዋል።

«አላለቀሰችም?» አለ። «ያ ሁሉ ሰው የወጣው…»

«በኔ ላጲስ ነው የወጣው።»

«ላጲስ!» ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። «ያን ድምፅ አገር እንዲሰማው ያደረገው ማን ሆነና? አንተ የምታውቀው መሪ ማዞር ነው።»

«መሪውን ባላዞርልህ ድምፁ የት ይደርስ ነበር? ከዚህ ደረጃ አይወርድም ነበር።»

«እሷን ያገኘኋት እኔ ነኝ!»

«በስልክ ቀድሜህ ነው የማውቃት!»

«አልቅሻለሁ» አለች ስልከኛዋ።

ትንፋሿ ያን ቀን ሲቋረጥ ወረቀቱን አየች፤ የማን እጅ እንዳጠፋው ወዲያው ገባት። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ለጉድጓዱም ለዛፉም አልነበረም። የምትወደው ሰው እንዲህ ሊያደርግባት እንደሚችል ስላወቀች ነው። ይህንንም ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር። አደባባይ የሞላው ድምፅ ግን በሁለት ሜትር ርቀት አልተሰማም።

«ሞንታርቦው የፓርቲው ንብረት ነው» ይላል መምህሩ። «አውርደህ ትሰጠኛለህ።»

«ጣራዬ ላይ በገዛ ብሎኔ ያሰርኩትን? የትኛው ፓርቲ ነው የሚረከበኝ? ያንተው ወይስ ያኛው?»

«አንተን ብሎ ተከራካሪ። ያዝ፣ መጀመሪያ ይሄ ቁም ሳጥን ይውረድ።»

ሁለቱም ጎንበስ ብለው በየጫፉ ያዙት። ከባድ ነው። ስልከኛዋ ለነሱ መንገድ ልትለቅ ከበሩ ፈቀቅ አለች። ሻንጣዋን አነሣች። ሹፌሩን አየችው፤ ፊቱ ወደ መምህሩ ነው። ደረጃውን በተለካ እርምጃ፣ ሳትቸኩል ወረደች።

«በአንተ በኩል ዝቅ አድርገው» አለ ሹፌሩ።

«ቆይ፣ ትንፋሽ ልውሰድ።»

«እሱን እንኳ ታውቅበታለህ። ሞንታርቦውን ግን አልሰጥም።» ከዚያ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ «በሩን ያዢልን እስቲ» አለ።

በሩ ክፍት ነበር። ቁም ሳጥኑን ተሸክመው፣ እየተከራከሩ ወጡ።