ቀበሮዎቹ ጀርባ የሰጡን ቀን

ከሰው የሰማሁት አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው... ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ።

መጋቢት ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ በረዶው ላይ ዓይን ታጠፋለች። ከአገራችን ከኮዲያክ ደሴት በስተደቡብ ያለች፣ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት።

እኔ ማትሮና፣ እና የአጎቴ ልጅ ኢኖኬንቲ። ጀልባዋ የሱ ናት።

የሄድነው የቀበሮ ፀጉር ልንለቅም ነው። አጥኚዎች ልከውን። የየደሴቱ ቀበሮ ድሮ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ሲረጋ በእግሩ የተሻገረ ነው ወይስ የቆዳ ነጋዴዎች ያመጡት? ከፀጉሩ ዘሩን መርምረው ይህን ሊያውቁ ነው።

«የዚችን ደሴትስ እኛን ቢጠይቁ ይበቃ ነበር» አለ ኢኖኬንቲ፣ መሪውን እንደያዘ። «አንዱ ነጋዴ ጥንድ ቀበሮ አራገፈ። በብርዱ ወራት የምትቀልባቸው የኛ አገር ሴትም አብሮ አራገፈ። መጣሁ ብሏት... ቀረ።»

«ሴትዮዋስ?»

«ቀበሮዎቹ ወፍረው ተገኙ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስንወርድ ቀበሮዎቹን አየናቸው።

በረዶው ላይ በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። አልሸሹም። ዞር ብሎ ያየንም የለም።

ጀርባቸውን ሰጥተውናል... ሁሉም።

የሚያዩት ዳገቱ ላይ ያለውን ጣሪያ አልባ ጎጆ ነው።

«ድግስ የሚጠብቁ አማቾች ነው የሚመስሉት» አለ ኢኖኬንቲ። ድምፁ ግን ቀንሷል።

ድንገት ጆሯቸው ቆመ። የሁሉም። እኩል።

እኔ ምንም አልሰማሁም።

«ሰማሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ኑ ብሉ ትላለች... በቋንቋችን።»

«ማን?»

ፊቱ አመድ መሰለ።

«እማዬ ናት።»

እናቱን በመከር ቀብረናታል። ሳጥኗን የተሸከመው እሱ ራሱ ነው።

«አንተ! ና እንመለስ!» ክንዱን ያዝሁት።

ቀስ አድርጎ እጄን አላቀቀ። እንደ ልጅ ፈገግ አለ።

«እሷም ይርባታል እኮ የሚል ሰው የለም... ሁሌ እኛን ስታበላ» አለና ዳገቱን ወጣ።

ቀበሮዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ካለፈ በኋላ መልሰው ገጠሙ።

እየጮኽሁ ተከተልሁት።

ጎጆው ውስጥ ማንም የለም። የእግሩ ዱካ ደፉ ላይ ደርሶ ቆሟል። ከደፉ ወዲያ ያለው በረዶ ምንም አልነካውም።

የነፍስ አድን ሰዎች መጡ። ውሻ አመጡ። ውሻው ከጀልባ አልወርድም አለ።

ጨርቁን እንኳ አላገኘንም።

በፍለጋው መሃል ከበረዶው ላይ የለቀምሁት ፀጉር የምርመራ ውጤት ከወራት በኋላ መጣ። ቀበሮዎቹ በጀልባ የመጡ ናቸው። ሁሉም ከአንዲት እናት የተወለዱ፤ ደማቸው ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ አንድ ዓይነት።

አነበብሁት። ለእኔ ግን ምን ሊሠራልኝ?

በተከታዩ መጋቢት፣ የሚቀበር አጥንት ባገኝ ብዬ ተመለስሁ። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ዛሃር አብረውኝ ነበሩ።

በጠራራው ፀሐይ፣ ከጀልባዋ ላይ አየናቸው። በዚያው መስመር፣ በዚያው አቀማመጥ።

የሞተሩ ድምፅ ሲደርሳቸው ብድግ ብለው ወደ ዳገቱ ጠፉ።

ወርደን የነበሩበት ቦታ ቆምን። እያንዳንዱ ቀበሮ የተቀመጠበት በረዶ ቀልጦ ትንሽ ጎድጓዳ ሠርቷል።

«ልጄ...» አሉ ጋሽ ዛሃር። «ወዲህ አትምጪ።»

እኔ ግን ወደሳቸው ሄድሁ።

ከመስመሩ ጫፍ ሌላ ጎድጓዳ አለ። ሰፊ። ከፊቱ በረዶው ላይ ሁለት የሰው መዳፍ ታትሟል።

ጓንቴን አውልቄ ጎድጓዳውን ነካሁት።

ይሞቃል።