በወፏ ዓይን ላይ የተጨመረ ብርሃን

በአባቷ ፎቶ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት የምትቀመጠውን ልጅ ሰፈሩ ሁሉ «አሳማሪዋ» ይላት ነበር። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሰው ከእጇ ሲወጣ ብጉሩ ጠፍቶ፣ ፊቱ ፈክቶ ነው። ሙሽሮች እንኳ የሚለማመጡት አባቷን ሳይሆን እሷን ነበር።

አንድ ቀን በጤና ጣቢያው ነርስ የሆነ ቀጭን ወጣት ፎቶ ይዞ መጣ። የእረፍት ቀኑን የሚያሳልፈው ረግረጉ ዳር፣ ደንገል ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ወፍ ሲያነሳ ነው። አንዲት ዓይን አፋር ወፍ አለች፤ የሰው ኮቴ ከሰማች አትገኝም። ከሩቅ ስለሚያነሳት ምስሏ ብዥ ይላል፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

«ላባዋ እንዲለይ ብቻ አድርጊልኝ» አላት፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ።

አጠራችለት። ደግሞ መጣ፤ እያለ እያለ መምጣቱ ልማድ ሆነ። እሷ ጥላውን ስትገልጥ፣ ጠርዙን ስትቆርጥ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ወፏ ስትደነግጥ አንገቷን እንዴት እንደምታስረዝም ይነግራታል። ስለ ወፏ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል፤ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ይተሳሰራል። አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ያስላሉ፤ ሳሉ የጉንፋን እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

እሷ በልቧ አንድ ነገር ትመኝ ነበር። ለዚያች ወፍ ብሎ ጭቃ ላይ ተኝቶ የሚውለው ሰው፣ አጠገቡ ያለችውን አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ቢያያት።

ለውድድር ሊልከው ያሰበውን ፎቶ አመጣ፤ ወፏ እንደዚያ ቀርባ አታውቅም። ዓይኗ ግን ድፍን ጥቁር ነበር። አሳማሪዋ ሳትነግረው ዓይኗ ላይ ጠብታ ብርሃን ጨመረችበት። ወፏ ነፍስ ዘራች። እሱም ፎቶውን ትኩር ብሎ ብዙ አየው፤ አመስግኗት ወሰደው።

ዳኞቹ ብርሃኑ በእጅ የተጨመረ መሆኑን ደረሱበትና ፎቶውን በአደባባይ ውድቅ አደረጉት። ወሬው ጤና ጣቢያው ድረስ ዘለቀ። ነርሱ መምጣቱን አቆመ።

ክረምቱ አልፎ ሄደ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሌላ ሰው ነው። እሱ የተዋቸውን ፎቶዎች ትከፍትና ምንም ሳትነካቸው መልሳ ትዘጋቸዋለች። ይቅርታ ልትለው ታስባለች፤ ነገ እያለች ታሳድረዋለች።

በመጨረሻ አባቷ አላስችል አላቸው። «ልጄ፣ ሙሽሮቹን ሁሉ ለቀስተኛ አስመሰልሽብኝ። ሂጂና ልጁን አናግሪው» አሏት።

እሑድ ጠዋት ረግረጉ ድረስ ሄደች። ሲያያት ደነገጠ፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ለቀሚሷ ሳትሳሳ አጠገቡ ተኛች። ካሜራውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። በሌንሱ ስታይ ወፏ ውሃው ዳር ቆማለች፤ ዓይኗ ጥቁር ነው፣ ቅንጣት ብርሃን የለበትም፤ ደግሞም ታምራለች።

«ይቅር በለኝ» አለችው በሹክሹክታ። «ያዋረድኩህ እኔ ነኝ።»

እሱ ካሜራውን ወደ ራሱ መለሰ። እሷ ልትነሳ ቃጣች።

«አውቅ ነበር» አላት።

«ምኑን?»

«ብርሃኑን። እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው ያየሁት። እኔ ያነሳኋት ወፍ ዓይኗ ይጠፋኛል? ግን ለኔ ብለሽ እንደሠራሽው ስለገባኝ አጥፊው ማለት አቃተኝ። የቀረሁትም ተቀይሜሽ አይደለም። እያወቅሁ ልኬ የእጅሽን ሥራ አዋረድኩት ብዬ፣ በምን ዓይኔ ልይሽ?»

ድምፁ ከፍ ብሎበት ወፏ ተነስታ በረረች። እሱ አላያትም፤ የልጅቷን ፊት እያየ ነበር፤ ዓይኑንም አልሰበረም።

«አባትሽን ላናግራቸው?» አላት።

«መጀመሪያ እኔን አናግረኝ» አለችው።

ፀሐይዋ ከፍ እስክትል አናገራት።