ከብርጭቆው ሥር ያለው አሻራ

ይሄን ውሸት ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። በሉ። እኔም ውሸት በሆነልኝ።

ግን ዕቃው ዛሬም ቤቴ አለ። በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ ጨው ነስንሼበት። ሥጋ እንዳይሸት ጨው ይደረግበታል፤ ዕቃ ጨው ለምን እንዳስፈለገው ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ጊዜው ነሐሴ 2003 ነው። ቦታው መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጉም ወርዶ መስኮቱን ስለደፈነው አምፖል አብርተን ነበር የምንሠራው።

ቢሮው የአበጋዝ ነው። ሴቶችን ወደ ዓረብ አገር ይልካል፤ ደጎሎና ኩታበርም ቅርንጫፍ አለው። ወረቀት በገለጠ ቁጥር አውራ ጣቱን በምላሱ ያርሳል። ያንን ምላስ ማየት ገና ከመጀመሪያው ቀን ያስጠላኝ ነበር።

እኔ ብዙአየሁ እባላለሁ። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሥራ አጥቼ የተመለስኩ የአገሩ ልጅ ነኝ። አበጋዝ የቀጠረኝ ተጓዦቹን በጣት አሻራ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንድጨርስለት ነው። የጀመረው ጀብሪል የሚባል ባለሙያ ነበር፤ አንድ ቀን ደመወዙን እንኳ ሳይጠይቅ ጥሎ ሄደ።

ሥራውን በአጭሩ ላስረዳችሁ።

ፕሮግራሙ ራሱ በየትኛውም ኮምፒውተር ይሠራል። የአሻራ ማንበቢያውን የሚያናግረው ረዳት ፋይል፣ ላይብረሪ የምንለው፣ ግን ለእያንዳንዱ ዓይነት ማሽን ለብቻው ነው የሚሠራው። ቆላ ለሚወርድና ደጋ ለሚወጣ አንድ ዓይነት ልብስ አይታሰርም፤ እንደዚያ በሉት። የደጎሎው ኮምፒውተር አሮጌ ዊንዶውስ፣ የኩታበሩ አዲስ ዊንዶውስ፣ የመካነ ሰላሙ ደግሞ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሦስት ጥቅል አዘጋጅቼ አንድ ላይ አሸግኩ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ያለበትን ማሽን ለይቶ የሚስማማውን ጥቅል ብቻ ይፈታል።

ጥቅል ደግሞ ብቻውን አይመጣም። አንዱን ስትጠራው እሱ የሚፈልገውን ሌላ ጎትቶ ይመጣል። ለሠርግ አንድ ሰው ጠርታችሁ ቤተሰቡን ሙሉ ታስተናግዱ የለም?

የሊኑክሱ ላይብረሪ አልነበረኝም። አበጋዝ የጀብሪልን ፍላሽ ሰጠኝ።

«ሁሉም እዚህ አለ። ቶሎ በል ብቻ፤ ሐሙስ የሚሳፈሩ ልጆች አሉ።»

ውስጡን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን እስከ ዛሬ አልለቀምኩም። እንዳለ አሽጌ ለሦስቱም ቢሮ ላክሁት።

ፕሮግራሙ ወዲያው ሠራ። የማንበቢያው አረንጓዴ መብራት በራ።

ሽታው የመጣው ያኔ ነው...

መጀመሪያ ካፉር ሸተተኝ። ሙስሊም ጎረቤት ያለው ያውቀዋል፤ ሬሳ ሲታጠብ የሚደረገው ነው። ከካፉሩ ሥር ሌላ ሽታ አለ... በላስቲክ ታስሮ ፀሐይ ላይ የዋለ ሥጋ።

ጣት የሚቀመጥበት የማንበቢያው ብርጭቆ ላይ አንድ እርጥብ አሻራ ነበር። ማንም አልነካውም።

በሶፍት ጠረግኩት። ሶፍቱ ላይ ቡናማ ቅባትና የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ቀረ። ወጥቼ እጄን በልብስ ሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ስመለስ አሻራው ቦታው ላይ ነው።

ስልኬ ጮኸ። የደጎሎ ቢሮ ጸሐፊ አልታዬ ናት።

«ብዙ፣ ፕሮግራምህ አብዷል እንዴ? ሰባት ልጅ አስነካሁ። ሰባቱንም አንድ ሰው ናቸው ይለኛል።»

«ማን ናት ይላል?»

«ኡምኩልሱም። ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ...

«ደግሞ ይሄ ዕቃ ምንድን ነው የሚሸተው?»

ኡምኩልሱምን የማያውቃት የለም። አበጋዝ ልኳት፣ ከአምስት ወር በፊት በሬሳ ሳጥን የተመለሰች የከተማችን ልጅ ናት። ከአሠሪዎቿ ሰገነት ወድቃ ነው ተባለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም።

ያሸግኩትን ከፍቼ ቆጠርኩ። የሠራሁት ሦስት ጥቅል ነው።

ውስጡ ያለው አራት ነው...

አራተኛው የማሽን ስም የለውም። ዊንዶውስ አይል፣ ሊኑክስ አይል። ሰረዝኩት። እንደገና አሸግኩና ቆጠርኩ።

አራት።

ጎትቶ የሚያመጣው የጀብሪል ላይብረሪ ነው። ስልኩን ፈልጌ ደወልኩለት።

«ጀብሪል፣ ፍላሽህ ውስጥ ያለው ስም የለሽ ጥቅል ምንድን ነው?»



«ፈታኸው?»

«አዎ።»

«አላህ ይቅር ይበለኝ።» ያንሾካሹካል። «የሷ ጣት ነው።»

«የማን?»

«ሳጥኑ ለቤተሰቧ ሳይደርስ እኛ ቢሮ ገባ። አበጋዝ አስከፈተው። ‹ውሌን በራሴ ፈቃድ አቋርጫለሁ› የሚል ወረቀት ሠርቶ ነበር፤ ወላጆቿ እንዳይከሱት። የጎደለው አሻራዋ ነው። ማንበቢያውን እኔ ያዝኩ... ጣቷን እሱ ያዘ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ቆዳው ብርጭቆው ላይ ቀረ፣ ብዙአየሁ። ያነበበውን መሞከሪያ ብዬ ከላይብረሪው ጋር አሸግኩት። በኋላ ልሰርዘው ብል እንቢ አለኝ። ለሰው አልላክኸውም አይደል?»

ስልኩን ዘጋሁት። የአበጋዝ የወረቀት መጣያ ውስጥ አስመለስኩ። በዚያ ሶፍት የጠረግኩት ምን እንደሆነ ስለገባኝ ነው። በእጄ ነክቼዋለሁ።

በሩ ተከፈተ። አበጋዝ ነው። ከኋላው ፈርሂያ ገባች።

የኡምኩልሱም ታናሽ እህት። ፓስፖርቷ ሃያ ሁለት ይላል፤ ፊቷ ግን አሥራ ሰባትም አልሞላ። ዛሬ አሻራ ከሰጠች ሐሙስ ትሳፈራለች። እህቷን የላከው ሰው፣ በዚያው መንገድ ሊልካት።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። አውራ ጣትሽን ብቻ» አላት።

«ተበላሽቷል» አልኩ። «ዛሬ አይሆንም።»

«በርቶ አይደል እንዴ?»

ፈርሂያ «ቢስሚላሂ» ብላ ጣቷን አስቀመጠች። ወዲያው አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ወጣ።

‹ተመዝግባለች። ኡምኩልሱም። ዕድሜ 19።›

ከሥሩ እኔ ያልጻፍኩት፣ ፕሮግራሙም ውስጥ የሌለ መስመር...

‹ውሏን አላቋረጠችም።›

ፈርሂያ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ቀስ ብላ አነበበችው።

«ጋሼ አበጋዝ... እህቴ እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ማሽን ነው፤ ማሽን ምን ያውቃል።» በኮቱ እጅጌ ብርጭቆውን ፈተገው። አሻራው አልለቀቀም።

«ከውስጥ በኩል ነው» አልኩት።

«ዝም በል አንተ። እንዲህ ነው የሚደረገው።» የራሱን አውራ ጣት ጫን አደረገ። ማንበቢያው ጮኸ። ጣቱን አነሳና የልጅቷን ፋይል ሳበ።

ልማዱ ነው። ወረቀቱን ለመግለጥ አውራ ጣቱን ወደ ምላሱ ወሰደ...

ቆመ።

ዓይኑ ፈጠጠ። ከምላሱ ላይ አንድ ስስ፣ ቡናማ ነገር በጣቶቹ ሳበ። አላልቅ አለው። እየሳበ፣ እያቃሰተ ከቢሮው ወጣ። ጉሙ ውስጥ ግድግዳው ሥር ሲያስመልስ ይሰማናል።

እግዜር ይየኝ፣ አላዘንኩለትም።

ለፈርሂያ ሁሉንም ነገርኳት። ሳጥኑን፣ ጣቱን፣ ወረቀቱን፣ እኔም ሳላይ አሽጌ መላኬን። አላለቀሰችም። ፓስፖርቷን ከጠረጴዛው አንስታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«አልሄድም» አለች። «ለአባዬም ወረቀቱን እነግረዋለሁ።»

የማንበቢያውን ገመድ ነቀልኩት። ገመዱ እጄ ላይ ነው። መብራቱ ግን አልጠፋም።

ፈርሂያ ጎንበስ ብላ ትንሿን አሻራ አየቻት።

«አትንኪው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ኡሜ...» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን። ጣቷን በአሻራዋ ልክ አስቀመጠች።

ቀለም ነክታችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ጣት ጠበቅ አድርጎ ሲጫን አሻራው ሰፋ ይላል። የፈርሂያ ጣት ጠርዝ አካባቢ አየሁት። ከውስጥ ያለው አሻራ ቀስ እያለ ሰፋ።

ፈርሂያ ጣቷን አነሳች።

የውስጠኛዋ ግን ጣቷን አላነሳችም።