መብራት አልሄደም

ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ሌንሳ ኮምፒውተሩን አጥፍታ ብታስነሳውም የምታውቀው ገጽ አልተመለሰም፤ ከላይ በኩል ጥቂት ነጭ ፊደላት ብቻ ተደርድረው ስሟን ይጠይቃሉ።

«ምን አደረግሽው?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ቴዎ፣ አጠገቧ ያለውን ወንበር እየሳበ።

«ቦታ ስለጠበበ አንድ የቆየ ፕሮግራም አጠፋሁ። ብቻ…»

ብቻውን አልጠፋም። መምህርት ፀሐይወርቅ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ የሰጧት አዲስ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም እንድትጭን ነበር። ሌንሳ ማውስ ከመነካካት ይልቅ ትእዛዙን በጽሑፍ መስጠት ትወዳለች፤ አንድ መስመር ጽፋ ኮምፒውተሩ ሲታዘዛት ማየት ደስ ይላታል። የማጥፊያውን ትእዛዝ ስትጽፍም ኮምፒውተሩ አብረው የሚወገዱትን ሁሉ በስም ደርድሮ «ልቀጥል?» ሲል ጠይቋት ነበር። እንደ ልማዷ ሳታነብ እሺ አለችው። ከስሞቹ አንዱ መስኮቶቹንና ምልክቶቹን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ክፍል ነበር።

«አታካብጂ» አለ ቴዎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዲህ ሆነ በያት። መካኒሳ ውስጥ መብራት ሄደ ብትይ ማን ይጠራጠርሻል?»

ሌንሳ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠችው። ከእሷ በፊት ለተማሪ ተሰጥቶ አያውቅም።

በሩ ተከፈተና መምህርት ፀሐይወርቅ ገቡ። ስክሪኑን አይተው ቆሙ።

«ይኼ ደግሞ ምን ነካው?»

«መብራት ሄዶ መጣ፣ ቲቸር» ቀደመ ቴዎ።

መምህርቷ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያው ዲስኩ ሳይጎዳ አልቀረም። ለነገው ክፍል ስለምፈልገው ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። ምን ይደረግ፤ የፍሮምሳ ፎቶዎች አብረው መሄዳቸው ነው እንጂ።»

የክፍል ጓደኛቸውን የፍሮምሳን ፎቶዎች ሌንሳ ታውቃቸዋለች። ለቡ የነበረው የአያቱ ማሳ ሕንጻ ሳይቆምበት፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ያነሳቸው ናቸው። ስልኩ ከተሰረቀ ወዲህ የቀሩት እዚህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ማሳው ደግሞ ዛሬ ከሲሚንቶ ሥር ነው።

ዲስኩ አለመጎዳቱን ከመምህርቷ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ማወቋን መናገር ግን ያደረገችውን መናገር ነው። ቴዎ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካ አደረጋት።

ቁልፉን መምህርቷ ፊት አስቀመጠች።

«መብራት አልሄደም፣ ቲቸር። እኔ ነኝ። የሚጠፋውን ሳላነብ እሺ ብዬ ነው። ፎቶዎቹ ግን አሉ። ላሳይዎት?»

«አበቃልሽ» አለ ቴዎ ለራሱ ያህል።

መምህርት ፀሐይወርቅ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሌንሳ ስሟንና የይለፍ ቃሏን አስገባች፤ ቀጥላ ፋይሎችን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፈች። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ፍሮምሳ ለፎቶዎቹ ያወጣላቸው ስሞች ብቅ አሉ፦ ማሳው ጠዋት፣ የአያቴ በሬዎች፣ ከዝናብ በኋላ።

የመምህርቷ ትከሻ ዘና ሲል አየች። አልቆመችም። የተወገደውን ክፍል መልሶ የሚጭነውን ትእዛዝ ጻፈች። ኮምፒውተሩ እንደገና ብዙ ስም ደረደረና ጠየቃት፦ ልቀጥል?

«በይ እንጂ! እሺ በይው» አለ ቴዎ።

«ቆይ።»

ጣቷን በመጀመሪያው ስም ላይ አሳርፋ ወደ ታች ማንበብ ጀመረች። ቁልፉ ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ እሷም ቀና ብላ አላየችውም።