የተንቀሳቀሱት አባወራ

የሌንስ ክዳን ሳይከፍት ፎቶ ያነሳ ጀማሪ ባየሁ ቁጥር መላው የፍኖተ ሰላም ከተማ እስኪሰማ የምስቀው እኔ፣ በስተርጅና ያንኑ ሠርቼ ነው ይህን የማወራችሁ። ስለ መንፈስ ሲወራማ ዋናው ሳቂ እኔ ነበርኩ፤ ዕድሜውን ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሲያጥብ የኖረ ሰው ምን ያስፈራዋል?

መሠረት የምትባል ፎቶ አንሺ ከባሕር ዳር መጥታ ነበር፤ ካሜራዋን ረጅም ጊዜ ከፍታ፣ ሰዉ እየተንቀሳቀሰ እንደ ጉም ተበትኖ እንዲወጣ ነው የምታነሳው። እኔ ደግሞ አገጭ ቀና፣ ሁለት ጆሮ እኩል፣ ትንፋሽ ያዝ፣ ቀጭ! «ልጄ፣ ይሄ የተበላሸ ፎቶ ነው» ስላት፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሰዎች ደግሞ ሁሉም መታወቂያ ሊያወጡ የመጡ ይመስላሉ» አለችኝ። እልህ ይዞኝ የድሮዋን የፊልም ካሜራዬን አንግቼ ቡሬ አጠገብ ወዳለ ገጠር ተከተልኳት።

እዚያ እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ እናት ደጅ ደረስን፤ ባላቸው አንድም ፎቶ ሳይነሱ ነው ያረፉት። «ከወንበራቸው ጋር ያንሱኝ፤ ቦታቸውን ክፍት ይተዉልኝ» አሉኝ። መሠረት ከቤቱ ጓሮ የጭድ ክምር ላይ የምሽት ፀሐይ ታሳድዳለች፤ እኔ «ባዶ ወንበር ማንሳት ፊልም ማባከን ነው» እያልኩ አነጣጠርኩ። «ትንፋሽ ይያዙ» ስል የወንበሩ ጠፍር ሲጢጥ አለ፤ እመኑኝ፣ ነፋስ አልነበረም። በር ላይ የተኛው ውሻ ተነስቶ ወንበሩ እግር ሥር ተጋደመ፤ ከወንበሩ ጎን የተቀመጡት እትዬ ጥሩነሽም እጃቸውን ትከሻ የሚነኩ ይመስል ከወንበሩ በላይ አየር ላይ አሳረፉ። ቀጭ! የመጨረሻዋ ፊልም ነበረች።

ካሜራዬን ሳወርድ ክዳኑ ሌንሷ ላይ ተለጥፏል! የዚህች አሮጌ ካሜራዬ መመልከቻ ከሌንሷ የተለየ ስለሆነ አልታየኝም። እሳቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ፣ እኔ ክዳኑን ኪሴ ሸጎጥኩና፣ አፌን በቆረጠው፣ «ተበላሸ እትዬ፤ አባወራዎ ተንቀሳቀሱብኝ» አልኩ።

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እሳቸው መቼ አርፈው ተቀምጠው ያውቃሉ! ይሁን፣ እንደተንቀሳቀሱ አጥበው ያምጡልኝ።» መሠረት መጥታ በራሷ ካሜራ ላንሳዎት ብትል፣ «እሳቸው ያነሱኝ አለልኝ» ብለው እምቢ አሉ።

ቤቴ ገብቼ በቀረችኝ ኬሚካል ፊልሙን አጠብኩ። ክዳን ተዘግቶበት የተነሳ ፊልም እንደ መስኮት መስታወት ባዶ ነው የሚወጣው፤ የመጨረሻዋ ግን ባዶ አልነበረችም። እትዬ ጥሩነሽ ጥርት ብለው ተቀምጠዋል፣ የወንበሩ ጠፍር ረግቧል፣ ከላዩ ላይ አንድ ነገር ብድግ ሊል እንደቃጣ ሰው ደብዝዟል። ካሜራዬ ቀዳዳ ኖሯት ብርሃን ገብቶ ይሆን? በቀዳዳ የገባ ብርሃን እትዬ ጥሩነሽን ከነመቀነታቸው አይስልም።

ፎቶዋን አትሜ ለመሠረት ሳሳያት ጮኸች፤ «ጋሼ፣ ምን ያህል ጊዜ ከፍተው ያዙት? ከእኔ በለጡኮ! ኤግዚቢሽን ላይ ልስቀላት?»

ከፍተው! ወለል ወለሉን እያየሁ «እንጃ» አልኩ፤ ሙገሳ እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬ ጥሩነሽ ገበያ በመጣ ሰው ሁሉ ይልኩብኛል፦ «አባወራዬ ዛሬም አልተረጋጉም ወይ?» ፎቶዋ ታትማ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ለምን አትሰጣቸውም አትበሉኝ፤ ተቀብለው «ሲነሱ ፊታቸው ምን ይመስል ነበር?» ቢሉኝ፣ ክዳኑን ከኪሴ አውጥቼ ላሳያቸው ነው?

እስካሁን አንድ ፎቶ አለብኝ።