ዘጠኙ የነሐሴ ኪኒኖች

ነሐሴ ዐሥር ቀን፣ የገሳይ ከተማ በጭጋግ እንደታፈነች፣ አቶ ጌጡ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ካንሰር ቢኖርባቸውም ሐምሌን በደህና ነበር የከረሙት። ነሐሴ ሲገባ ግን ማስመለስ ጀመራቸው፤ በዚያው አልተነሡም። ከባሕር ዳር የመጣችው ልጃቸው ሠናይት እንባዋ ሳይደርቅ ጣቷን እንጀራ እናቷ ላይ ቀሰረች። «ትርንጎ ናት የመረዘችው» አለች።

ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ። በለቅሶው ድንኳን ትርንጎ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ወህኒ መውረዷንም ሁሉም እንዳለቀ ነገር ያወራው ጀመር።

ኢንስፔክተር እፀገነት ግን ችኩል ሰው አልነበረችም። ሴትዮዋን ለብቻዋ ጠየቀቻት። ትርንጎ ፊደል አልቆጠረችም፤ የካንሰሩን ኪኒን ከእሷ በቀር ማንም እንደማይሰጣቸው ግን አልደበቀችም። «አንድም ቀን አላጎደልሁበትም» አለች። ይቺ ቃል ኢንስፔክተሯን ከነከነቻት።

ደብረ ታቦር ወርዳ የአቶ ጌጡን ሐኪም ዶክተር ፋሲልን አገኘችው። መድኃኒቱ የህዋሱን አስኳል በር እንደሚዘጋ፣ ካንሰሩን የሚገቱት ፕሮቲኖች ሾልከው እንዳይወጡ እንደሚያደርግ አስረዳት። «በሳምንት ሁለቴ ብቻ ነው የሚዋጠው» አለ። «ጤነኛው ህዋስ በመሀል ካላረፈ በሽተኛውን ያስመልሰዋል፣ የደሙ ጨው ይወርዳል፣ ይገድለዋል።»

በሦስተኛው ቀን እፀገነት ትርንጎን፣ ሠናይትንና የሟቹን ወንድም በላይነህን በሟቹ ቤት ሰበሰበች።

«በላይነህ ከወንድሙ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ከሰኔ እስከ ቀብሩ ድረስ ይህን ደጃፍ አልረገጠም። አስከሬኑ ሲመረመርም መርዝ አልተገኘም። የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያዎች አየሁ፤ የየወሩ ለየብቻ ነው የታሸገው። መድኃኒቱ ከተጀመረበት ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ፣ በሁለት ሳምንት አራት ፍሬ ተውጧል፤ ከነሐሴ አንድ ወዲህ በዘጠኝ ቀን ዘጠኝ። ሊገድል ያሰበ ሰው ነሐሴ አንድን ምን ያስጠብቀዋል? በዚያ ቀን የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍልሰታ ገባ።» ወደ ትርንጎ ዞረች። «እትዬ ትርንጎ፣ ኪኒኑን መቼ ይስጡ ተብለው ነበር?»

«በጾም ቀን።»

«ማን ነው ያለዎት?»

ትርንጎ አቀረቀረች። የሠናይት ፊት ግን ዐመድ መሰለ። ፋርማሲስት ናት፤ ማንበብ የማትችለው እንጀራ እናቷ ረቡዕና ዓርብን እንዳትረሳ ብላ፣ «በጾም ቀን» ስትል በስልክ የነገረቻት እሷ ነበረች። ጾም በተከታታይ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለአፍታም አላሰበችም።

«እኔ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አልተሰማም።

ትርንጎ ቀና አለች። «የሰጠሁት በገዛ እጄ ነው» አለች ለኢንስፔክተሯ። «በልጅቱ ላይ ምንም አትጻፉባት። አባቷን ያጣችው ይበቃታል።»

ሠናይት ተነሥታ ማንም ያልተቀመጠበት ቦታ፣ ትርንጎ አጠገብ ተቀመጠች።