በስልክ የተሾሙት ጳጳስ

ጳጳስ አልባን ተርከትል እሑድ ረፋድ ላይ፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ቤተ ክርስቲያናቸው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የቅዳሴ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሞቱ። ምእመናናቸው ስምንት አሮጊቶች ነበሩ። ስምንት ሺህ አላልኩም፤ ስምንት፣ ያውም ሁለቱ የሚመጡት ማሞቂያውን ብለው ነው። ሰውየው ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው፣ ከተገነጠሉትም እንደገና ተገንጥለው፣ በኛዋ በሳልትሃም የባሕር ዳርቻ «እውነተኛዋ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን» የሚል ሰሌዳ ሰቅለው ይኖሩ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ፣ ከዓሣ ጥብስ ቤቱ ፎቅ ላይ፣ ጳጳስ ክሪስፒን ቶሊ ሌላ «እውነተኛ» ይመራሉ፤ አሥራ ሁለት ሰው አላቸው። ሁለቱ የተጣሉት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ጳጳስ ሲሾም ሦስት ጳጳሳት እጃቸውን ይጭኑበታል። በአልባን ሹመት ቀን ግን ሦስተኛውን ጳጳስ ባቡር አመለጣቸውና ከጣቢያው በስልክ ባረኳቸው። ቶሊ ከዚያን ቀን ጀምሮ «አልባን ቀሚስ የለበሰ ተራ ምእመን ነው» እያሉ ሲያውጁ ኖሩ። ሁለት የተማሩ ሽማግሌዎች ዕድሜያቸውን በአንድ የስልክ ጥሪ ፈጁት።

ኢንስፔክተር ሞድ ኬተሪጅ ስትደርስ ዝናቡ አላባራም ነበር። የቄስ ልጅ ናት፤ ለቀሳውስት የነበራት ትዕግሥት ገና በልጅነቷ አልቋል። ሳጅን ብሪግስ በሩ ላይ ተቀበላት።

«ጨርሼዋለሁ» አላት። «መርዝ ነው። ጽዋውን የምታጥበው የጽዳት ሠራተኛዋ ዶሪን ፓስክ ናት፤ ጽዋው ደግሞ ታጥቦ ተገኝቷል። ወደ ጣቢያ ልወስዳት ነው።»

«ለምን ገደለቻቸው?»

«እሱን እዚያ ትነግረናለች።»

«እስቲ ረጋ በል።»

ዶሪን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሽርጧን በእጇ እየጠመዘዘች ቆማ ነበር። ባሏ ኬን አልጋ ላይ ከዋለ አራት ዓመቱ ነው። «እኔ ከታሰርኩ ማን ያገላብጠዋል?» አለች። «ጎረቤት እንኳ የለንም እኮ!»

«የሆነውን ብቻ ይንገሩኝ፣ ወይዘሮ ዶሪን። ሴቶቹ ከዚያው ጽዋ ጠጥተዋል?»

«ስምንቱም። ደህና ናቸው፤ አዳራሽ ውስጥ ብስኩት እየበሉ ነው። ከዚያ ጳጳሱ የተረፈውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው እዚህ አስቀመጡና ሴቶቹን ሊሰናበቱ ሄዱ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሲመለሱ ይጠጡታል።»

«ያኔ እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ ወጣ ገባ ስል ነበር። የወንድማቸው ልጅ ሩፐርት ነበር። እኚህ ጳጳስ ቶሊም ነበሩ። ጳጳስ አልባን ተመልሰው አንዴ ጎንጨት አሉ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ወደቁ፤ እዚያው ሞቱ። ተሸክመን መሠዊያው ፊት አስተኛናቸው፤ በግርግሩ ማን ወደኋላ እንደቀረ አላየሁም። ስመለስ ጽዋው ታጥቦ ተደፍቷል። እኔ አልነካሁትም፣ ኬን ይሙት!»

ሩፐርት ሰዓቱን እያየ ነበር። «አጎቴ ሲሞት ይህ ቤተ ክርስቲያን ያረፈበት መሬት የኔ ነው፤ ምን እደብቅዎታለሁ?» አለ። «ሃይማኖታቸው ውስጥ ግን የለሁበትም። ለኔ ወይን ወይን ነው፣ ያውም ርካሽ።»

«አቶ ቶሊ፣ እርስዎስ?»

«ጳጳስ።»

«ጳጳስ ቶሊ፣ ከጠላትዎ ቤት ምን እግር ጣለዎት?»

«ልመክረው ነው የመጣሁት። ከባሕር ማዶ አንድ ሊቀ ጳጳስ ‹ከሁለታችሁ እውቅና የምሰጠው ለአልባን ነው› ብሎ ጽፎለታል። በሚቀጥለው እሑድ ሊያስነብበው ነበር።»

«ከተነበበ አሥራ ሁለቱ ሰዎችዎ መንገዱን ይሻገራሉ ማለት ነው።»

ቶሊ ቀሉ። «ደብዳቤ ስህተትን አያጸድቅም! አልባን ጳጳስ አልነበረም፤ ቄስም አልነበረም። በጽዋው ውስጥ የነበረውም ከሱቅ የተገዛ ወይን ነው።»

«እዚህ ከገቡ በኋላ ወደ ውጭ ወጥተው ነበር?»

«በዚህ ዝናብ? አልወጣሁም።»

ሞድ ጥጉ ላይ ወዳለው የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ ሄደች። ጽዋው ከነበረበት ጠረጴዛ አንድ ክንድ አይርቅም። ዶሪን ከቅዳሴው በፊት የነሰነሰችው የማጽጃ ዱቄት ደረቅና ነጭ እንደሆነ አለ፤ አንዲት ጠብታ አልነካውም። የመጠጥ ውሃው ማሰሮ ግን ባዶ ነው። የጓሮውን በር ከፍታ ወጣች። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት በኩል፣ በኖራ የተቀባው ግድግዳ ታችኛው ጫፍ ላይ ቀይ ፍንጣቂ አየች፤ አፈሩም ቀልቷል።

አዳራሽ ደርሳ ተመለሰችና ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። በእጇ ቀይ ነገር የያዘ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ነበር።

«ይህ ጳጳስ አልባን ዛሬ ጠዋት የባረኩት ትርፍ ወይን ነው። መርዝ የለበትም፤ አያስፈልገኝም። ወይዘሮ ዶሪን፣ ይድፉልኝ።»

ዶሪን ተቀብላ ወደ ሲንኩ አዘነበለችው። ሩፐርት ቀና ብሎም አላየም።

«አይሆንም!» ቶሊ ዘለው እጇን ያዙ። «ወደ ፍሳሽ አይደፋም!»

ዶሪን ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረገችው።

«ታዲያ የት ይደፋ?» አለች ሞድ።

«ንጹሕ አፈር ላይ...» አሉና አፋቸውን ያዙ።

«ልክ ነው። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር። የተባረከ ትራፊ ወይ ይጠጣል፣ ወይ ለአፈር ይሰጣል። ገዳዩ መርዙን ማስወገድ ነበረበት፤ መጠጣት አይችልም። ሲንኩ አጠገቡ እያለ፣ ሰው ሊመጣበት እየቻለ፣ ዝናብ ውስጥ ወጥቶ አፈር ላይ ደፋው፤ ጽዋውን ያለቀለቀውም በማሰሮው ውሃ እዚያው ነው። ዶሪን ይህን ሥርዓት አታውቀውም፤ አሁን አይታችኋል። ሩፐርት ቢያውቀውም ግድ የለውም። ይህ የሚያስጨንቀው ያንን ወይን ቅዱስ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ወይኑ ቅዱስ ከሆነ ደግሞ የባረከው ሰው ቄስ ነበረ።»

«ለጥንቃቄ ነው!» አሉ ቶሊ። «ምናልባት እንኳ ቢሆን...»

«ለጥንቃቄ! ሰው መርዘው ሲያበቁ ለወይኑ ተጠነቀቁ?» ሞድ ወደ ጫማቸው ጠቆመች፤ ጥቁሩ ቆዳ በጭቃ ተለውሷል። «አስፋልት ብቻ ተሻግሮ የመጣ፣ ወደ ጓሮ ያልወጣ ሰው ጫማ ነው ይሄ? ሳጅን፣ ኪሳቸውን ፈትሽ።»

ብሪግስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ። ቶሊ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጡ።

«መሠዊያው ፊት ሲቆም አየው ነበር» አሉ እያለቀሱ። «ጳጳስ ነበር። ሁልጊዜም አውቅ ነበር። እኔ ግን ያን ካመንኩ ምን ቀረኝ?»

«የዓሣ ጥብስ ቤቱ ፎቅ» አለች ሞድ። አላዘነችላቸውም፤ እኔም አላዝንም። «ወይዘሮ ዶሪን፣ ይሂዱ፤ ኬን ይጠብቅዎታል።»

ዶሪን ኮቷን ሳትቆልፍ ሮጠች። ቶሊ በካቴና ሆነው በሩ ላይ ዘወር አሉ።

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን... እባክሽ በአግባቡ...»

«የአሮጊቶቹ የእንጆሪ ጭማቂ ነው፣ ብፁዕነትዎ።»

አልባን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እውቅና ሲለምኑ ኖረዋል፤ ለማያውቋቸው ሊቃነ ጳጳሳት፣ መልስ ለማይሰጡ ጽሕፈት ቤቶች። ከባሕር ማዶ የመጣላቸው አንድ ወረቀት ነው። ጭቃ ረግጦ፣ በዝናብ ተደብድቦ፣ ራሱን ለፖሊስ አጋልጦ ጳጳስነታቸውን ያወቀላቸው የገደላቸው ሰው ብቻ ነው።